በባሕር የመጡ አያቶቻችንን በመርከብ መዝገብ ስለ መፈለግ

  

 እኛ ባለንበት በጨለለቅቱ፣ እንዲሁም በይርጋ ጨፌ፣ በወናጎና በዲላ ካሉ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። «አያታችን ከየመን በባሕር መጥቶ በቡና ንግድ ኖሮ እዚሁ ሞቷል። ከስሙና ከአባቱ ስም በቀር የምናውቀው የለም። ልጆቻችን በስልካቸው ሲያስሱ የድሮ መርከቦች የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ተቀምጧል ይሉናል። የእርሱን ስም ከዚያ ማግኘት እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። ከዚህም አልፈው «ስሙ የሚገጥም ሰው አግኝተናልና ዘመዶቹን እንጻፍላቸው ወይ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። መዝገቡ አለ፤ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን አብዛኞቹ በባሕር የመጡ አባቶቻችን በስም አልተመዘገቡም። የተመዘገቡትንም ለይቶ የሚያሳውቀን ዛሬ በቤታችን ያሉት አዛውንት የሚያስታውሱት ነገር ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከአያታችን አጠገብ ተጀምሮ ወደ መርከቡ ይሄዳል እንጂ ከመርከቡ አይጀምርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለምን ያስጨንቃል? ጌዴኦ ወንድሞቻችን ነገዳቸውን በሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በዚህ አገር «የማን ቤት ነህ?» ተብሎ መልስ የሚያጣ ልጅ አይገኝም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው የልጅ ልጅ ግን «የዐረቡ ልጅ» ከመባል ያለፈ መልስ ላይኖረው ይችላል። ከእነዚያ አባቶች ብዙዎቹ በየመን ሚስትና ልጆች ትተው መጥተዋል። እዚህ አግብተው የወለዱም፣ ከ1962ቱ የየመን አብዮት በኋላና በተለይም ደርግ በ1975 ቤትና ድርጅት ሲወርስ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሄደዋል። አንዳንዱ የሚችለውን ልጅ ይዞ ሄደ፤ አንዳንዱ ጥሎ ሄደ። እንዲህ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት በየመን «ሙወለድ» ይባላሉ። እዚያ ሐበሻ፣ እዚህ ዐረብ ተብለው በሁለቱም በኩል እንደ እንግዳ የታዩ ናቸው። ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደውና በ1973 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ደራሲ ሙሐመድ ዐብዱልወሊ ስለ እነዚህ ሰዎች ሕይወት በዐረብኛ በሰፊው ጽፏል።

በዲናችንም ነገሩ ቀላል አይደለም። ዝምድናን መቀጠል ግዴታ ነው፤ የማይታወቅ ዘመድ ደግሞ አይቀጠልም። ውርስ የሚከፈለው በዘር ቅርበት ነው። ጋብቻ የሚከለከለውም በዘር ቅርበት ነው። የአንድ አባት ልጆች አንዱ በተዒዝ፣ ሌላው በዲላ ተወልደው፣ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በጅዳ ወይም በአዲስ አበባ ሳይተዋወቁ ቢገናኙስ? ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ወጣቶቻችን ለሥራ ባሕረ ሰላጤውን በሚያቋርጡበት በዚህ ዘመን ደግሞ ይበልጥ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። የተሳፋሪዎች ዝርዝር ዘር ለማስቆጠር የተጻፈ አይደለም። መንግሥታት ስንት ሰው እንደገባና እንደወጣ ለማወቅ፣ በሽታ ለመቆጣጠር፣ መርከቦችም ከመጠን በላይ ሰው እንዳይጭኑ ለመከልከል የመርከብ አዛዦችን ዝርዝር አስገቡ ይሏቸው ነበር። አሜሪካ ይህን በሕግ ያዘዘችው በ1819 ነው። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ውጭ ካሉ ወደቦች የመጡ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር ከ1878 እስከ 1960፣ ወደዚያ የሄዱትን ደግሞ ከ1890 እስከ 1960 ያለውን ጠብቃ አቆይታለች፤ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በጀርመን የሐምቡርግ ወደብ ከ1850 እስከ 1934 የወጡትን ሰዎች ዝርዝር ሲያቆይ፣ የጎረቤቱ የብሬመን ዝርዝር ግን በአብዛኛው ጠፍቷል። ከፊሉን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ራሳቸው ቦታ አጥተው አስወገዱት፤ የቀረውን ጦርነት በላው። አንድ ቤተሰብ አያቱ በየትኛው ወደብ በኩል እንደወጣ ሳያውቅ ስሙን ያገኛል አያገኝም ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

በኒውዮርክ ኤሊስ ደሴት ከ1892 እስከ 1954 ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለፈበት በር ነበር። መዝገቡ በ2001 በኢንተርኔት ለሕዝብ ተከፈተ። ከ1907 ወዲህ ያለው የአሜሪካ ቅጽ ተሳፋሪው የተወለደበትን ቦታና በአገሩ የተወውን የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ይጠይቅ ስለነበር፣ አንዲት መስመር ብቻዋን አንድ ቤተሰብ ታስገኛለች። ሰዎች «የአያታችንን ስም የአሜሪካ ጸሐፊ ቀየረው» ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ወሬ እንጂ እውነት አይደለም። ዝርዝሩ የሚዘጋጀው መንገደኛው በተሳፈረበት ወደብ በመርከቡ ኩባንያ ሠራተኞች ነው። የኤሊስ ደሴት መርማሪ የተጻፈውን ይዞ ይጠይቅ ነበር። ስም የተበላሸ ከሆነ የተበላሸው መነሻው ላይ ነው።

የእኛ አባቶች መንገድ ግን ሌላ ነው። ከተዒዝ በስተ ደቡብ ካለው ከሑጀሪያ፣ ከያፊዕ፣ ከሐድረመውት ወይም ከሌላ ስፍራ የተነሳ ሰው ዐደን ወይም ሌላ ወደብ ወርዶ፣ ጠባቡን ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ይደርሳል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። ከባቡሩ በኋላ በበቅሎና በእግር፣ በኋላም በጭነት መኪና ወደ ሲዳሞ የቡና አገር ይወርዳል። ዐደንንና ጅቡቲን የሚያገናኙ መርከቦች አልጠፉም። ከማርሴይ ተነስተው በስዌዝ ቦይ አድርገው ወደ ማዳጋስካርና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱት የፈረንሳዩ የሜሳዠሪ ማሪቲም መርከቦች ጅቡቲ ይቆሙ ነበር። የዐደኑ የካውስጂ ዲንሻው ድርጅት ትናንሽ የእንፋሎት መርከቦችም በቀይ ባሕርና በሶማሌ ወደቦች ይመላለሱ ነበር። ታዲያ የአያታችን ስም ከእነዚህ በአንዱ ላይ መኖር የለበትም ወይ?

ችግሩ ያለው ቲኬቱ ላይ ነው። ክፍል ተከራይቶ የሚሄደው መኮንን፣ ቆንስልና ትልቅ ነጋዴ በስሙ ይጻፋል። ምግቡን በቋጠሮ ይዞ፣ ምንጣፉን በመርከቡ የላይ ወለል ላይ አንጥፎ የሚሄደው ድሃ መንገደኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በቁጥር ነው፤ «ይህን ያህል ዐረቦች» ተብሎ ያልፋል። በሰንቡክ የተሻገረው ደግሞ ይህም የለውም። የሰንቡክ ናኹዳ የሚያስበው ስለ ነፋሱና ስለ ጭነቱ እንጂ ስለ ስም ዝርዝር አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በመርከብ መዝገብ ውስጥ አያቱን ቢያጣ አያትዬው ውሸታም ነበር ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት የገዛ አያቱን ታሪክ መጠራጠር የጀመረ ወጣት አጋጥሞናልና ይህን አጥብቀን እንናገራለን።

ሆኖም ሌሎች መዝገቦች አሉ፤ በእኛ ግምት ለእኛ ቤተሰቦች ከተሳፋሪ ዝርዝሩ ይልቅ እነዚህ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው የባሕረኞች መዝገብ ነው። ብዙ የየመንና የሶማሌ ሰዎች በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ከሰል ወደ ምድጃ የሚጨምሩ ሠራተኞች ሆነው ካርዲፍና ሳውዝ ሺልድስ ድረስ ሄደዋል። ከእነርሱም በኋላ በንግድ የተቀመጡ አሉ። ሠራተኛ እንደ ድሃ ተሳፋሪ በቁጥር አይታለፍም፤ ደመወዝ ስለሚከፈለው ስሙ፣ ዕድሜው፣ የተወለደበት ቦታና ከዚያ በፊት የሠራበት መርከብ ይጻፋል። ከ1863 እስከ 1938 ካሉት የብሪታኒያ ባሕረኞች ዝርዝሮች 70 በመቶ ያህሉ ዛሬ በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የ1915ቱ ዝርዝር ደግሞ ተገልብጦ በነፃ በኢንተርኔት ይታያል። «አያታችን የእሳት መርከብ ላይ ሠርቷል» ሲባል የሰማ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ሁለተኛው የቆንስላ መዝገብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሁሉን ይወስናል፦ አያታችን ከየትኛው የመን ነው የመጣው? ዐደንና በዙሪያዋ ያለው አገር ከ1839 እስከ 1967 በእንግሊዝ እጅ ነበር። ሰሜኑ እስከ 1918 በቱርኮች፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1962 በኢማሞቹ ሥር ነበር። ሁለቱ የመኖች አንድ የሆኑት በ1990 ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ከ1908ቱ የክሎቡኮቭስኪ ውል ጀምሮ የውጭ አገር ሰዎች በፍርድ ጉዳይ ከቆንስላቸው ጋር የተያያዙ ነበሩ። እንግዲህ የዐደኑ ሰው የእንግሊዝ ጥገኛ ተብሎ ወረቀት ሲኖረው፣ የሰሜኑ ሰው ላይኖረው ይችላል። የዐደን አስተዳደር መዛግብት ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ፈረንሳይ ጅቡቲን ያስተዳደረችበት መዝገብ ደግሞ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ይገኛሉ። ሁሉም በኢንተርኔት የሚታይ አይደለም፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በአካል ሄዶ መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል። ከ1946 ወዲህ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መብረር ስለጀመረ፣ የገንዘብ አቅም የነበረውን ነጋዴ በመርከብ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

ቀጥለን ስለ ስም እንነጋገር፤ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የእኛም የዐረቦቹም ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የሰውየው፣ የአባቱ፣ የአያቱ ስም ተከታትሎ ነው። የመርከቡ ጸሐፊ ግን በቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ መሙላት ስላለበት መጨረሻ የሰማውን ይጽፋል። ለምሳሌ ሷሊሕ አሕመድ ናጂ የሚባል ሰው በ«ናጂ» ተራ ይገባል። ያው ሰው በሌላ ጉዞ የአያቱን ስም ሳይናገር ቢቀር በ«አሕመድ» ተራ ይገባል። የመጣበትን ስፍራ ጨምሮ «ያፊዒ» ወይም «ሐድረሚ» ካለም ያ ይሆናል መጠሪያው። ጸሐፊው ዐይንንና አሊፍን፣ ሐእንና ሀእን በጆሮው አይለይም። ፈረንሳዊው «ሸ»ን የሚጽፈው እንግሊዛዊው «ቸ»ን በሚጽፍባቸው ፊደላት ነው። በዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ያወጣለት ስም አለ። በከተማው «ሐጂ» ወይም «ዐብዱ ዐረቡ» ሲባል የኖረ ሰው ዐደን ላይ ዐብዱረሕማን ወይም ዐብዱልቃዲር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት አልፈለጉም ማለት ነው።

ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ያሳስታል። እናታችን «አባቴ የመጣው በ1920 ነው» ስትል በኛ አቆጣጠር ነው። በመርከቡ መዝገብ ይህ ከመስከረም 1927 እስከ መስከረም 1928 ያለው ጊዜ ነው። አንድ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይዞ የ1920ን ዝርዝር ቢያገላብጥ ከሰባትና ስምንት ዓመት በፊት ያለ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። አያታችን ራሱ በኪታቡ ልባስ ላይ የጻፈው ከሆነ ደግሞ በሒጅራ ነው፤ ያው ዘመን 1346 ተብሎ ይገኛል። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ዕድሜም ይለያያል። በሒጅራ 66 ዓመት የሆነው ሰው በፀሐይ አቆጣጠር ገና 64 ነው። ብዙ መንገደኛ የልደት ቀኑን ስለማያውቅ ጸሐፊው በግምት 30 ወይም 40 ብሎ ይጽፋል። በዕድሜ እስከ አምስት ዓመት ልዩነት ቢታይ አትደንግጡ፤ የአባት ስም ልዩነት ሲታይ ግን ቁሙ።

የቤት ትዝታ ከመዝገብ ይበልጣል የምንለው እንዲያው አይደለም። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአፍሪካ ዳርቻ ወደ ዐረቢያ በባርነት የሚወሰዱ ከ200 በላይ ሰዎችን የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ዐደን ተወስደው ከቆዩ በኋላ 64ቱ በ1890 በመርከብ ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የሎቭዴል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። በመርከብ ዝርዝር ብቻ ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ የምናውቃቸው በቁጥር ነበር። ነገር ግን አንድ በአንድ እየተጠየቁ የአባትና የእናታቸው ስም፣ የመንደራቸው፣ የተሸጡበት መንገድ ተጽፎ ቀረ። ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ የምትባል ልጅ ነበረች። የልጅ ልጇ በሮበን ደሴት ለ10 ዓመት የታሰረውና በ2012 የሞተው የታወቀው የቋንቋ ምሁር ዶክተር ኔቪል አሌክሳንደር ነው። የእነዚህን ልጆች ታሪክ ሳንድራ ሮዎልት ሼል በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ አሰባስባዋለች። ልጆቹ ገና ሲያስታውሱ ስለተጠየቁ ነው ይህ ሁሉ የተገኘው።

የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ1868 ከመቅደላ ገና ሕፃን ሳለ በእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ተወስዶ፣ እዚያ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገና ሐኪም ሆነ። ትልቅ ሰው ሆኖ ወደ አገሩ ሲመለስ ያወቀችው አያቱ ናት፤ ያወቀችውም በሰውነቱ ላይ በነበሩ ጠባሳዎች ነው። እንግሊዝ ስሙን ቀይሮ ስለነበር በወረቀት ቢፈለግ የሚገኘው ማርቲን የሚባል ሰው ብቻ ነበር።

እንግዲህ «የሚገጥም ስም አግኝተናል» ላላችሁን ቤተሰቦች የምንለው ይህን ነው። ሷሊሕ አሕመድ ወይም ሙሐመድ ዐሊ የሚል ስም በአንድ ዓመት ዝርዝር ውስጥ ስንት ጊዜ ሊገኝ እንደሚችል አስቡ። ስሙ ብቻ ከገጠመ ምንም አልተገኘም። የሰውየው፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ የመጣበት መንደር፣ ዘመኑ፣ ከዚህም ሌላ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ነገር አብረው ሲገጥሙ ነው ልብ የሚያርፈው። ያልሆነን ሰው አባቴ ማለት በዲናችን ከባድ ወንጀል ነው። በሸሪዓ ዘር የሚጸናው በትክክለኛ ጋብቻ፣ አባትየው አምኖ በመቀበሉ ወይም በምስክር ነው። የመርከብ ዝርዝር ለምስክር ደጋፊ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን ውርስ አያስከፍልም፤ ጋብቻም አያፈርስም። ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ያለው ሰው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሂድ እንጂ በሰፈር ወሬ አይወስን።

አንድ ነገር ደግሞ ጣል እናድርግ። ፍለጋው ያልጠበቃችሁትን ያወጣል፤ ያልተነገረች ሁለተኛ ሚስት፣ ሳይታወቅ የቀረ ልጅ፣ ከተነገረው ሌላ ዘመን። የተሸፈነን ነውር መሸፈን ከአደባችን ነውና ያገኛችሁትን ሁሉ በሠርግና በለቅሶ አትዘርዝሩ። ጋብቻን ወይም መብትን የሚነካ ከሆነ ግን ለሚመለከተው ሰው መንገር ግድ ነው።

አሁን በእጃችን ያለውን እንይ። ሣጥን ውስጥ የኒካሕ ወረቀት፣ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሐጅ ፓስፖርት፣ ከየመን የመጣ ደብዳቤ ይኖር ይሆናል። የቁርአኑንና የኪታቦቹን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ተመልከቱ፤ አባቶቻችን የልጆቻቸውን ልደት የሚጽፉት እዚያ ነበር። ደብዳቤ ካለ ፖስታውንም አትጣሉ፤ ማኅተሙ የወደቡን ስምና ቀኑን ይናገራል። ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንሡና ለሁለት ልጆች ላኩ፤ በጭስ ቤት ውስጥ ያለ ወረቀት ብዙ አይቆይም። ከዚያ አዛውንቱን ጠይቁ። «አያታችን ከየት መጣ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከየመን» ብለው ይጨርሱታል። «የእናቱን ስም ሲጠራ ሰምታችኋል? ሲቆጣ የየትኛውን መንደር ስም ያነሳ ነበር? አብሮት የመጣው ማን ነው? ጅቡቲ ማን ቤት አረፈ? ገንዘብ የሚልከው ለማን ነበር? ሲታመም ለማን ጻፉ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስሙን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ፋሚሊሰርች የሚባለው በአሜሪካ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው የኢንተርኔት ስብስብ ብዙ መዝገቦችን ያለ ክፍያ ያሳያልና፣ ውጭ ያሉ ልጆቻችሁ ከዚህ ይጀምሩ። «የዘር ሐረጋችሁን በገንዘብ አወጣለሁ» የሚላችሁን ግን መዝገቡን ራሱን አሳየን በሉት።

በየመን በኩል ለመጠየቅ ስትሹ፣ አገሪቱ ከ2014 ጀምሮ በጦርነት የተጎዳች መሆኗን አስቡ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የአያታችሁን ስም እስከ አያቱ፣ የመንደሩን ስም፣ የመጣበትን ዘመን በሒጅራ፣ እዚህ የወለዳቸውን ልጆች ስም ጻፉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሰላምታውን አስቀድማችሁ «ርስት ፈልገን አይደለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህች ቃል ካልቀደመች ብዙ በር ይዘጋል። በዚያ መንደር ተወላጅ በሆነና በሌላ አገር በሚኖር ሰው እጅ ላኩት። ስድስት ወር ጠብቃችሁ መልስ ካልመጣ፣ ያንኑ ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ ደግማችሁ ላኩ።